ውሃው የት ቀረ? ስለ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ለሰሜን ሸዋ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለሰሜን ሸዋ ዞን፣ ለወረዳዎቹና ለደብረ ብርሃን ከተማ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፈው በግንቦት ነው። ግንቦት ለእኛ ለፕላን ሰዎች ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የዘንድሮው በጀት ተመላሽ እንዳይሆን ሩጫ ነው። የመጪው ዓመት ድልድልም እዚያው ላይ ይደርሳል። ስልክ ይጮኻል፣ ሪፖርት ይለቀማል፣ ሐምሌ 1 ሳይገባ ሁሉም እንዲያልቅ ይፈለጋል። በዚህ ግርግር መሀል ለአንድ ጉዳይ ጥቂት ደቂቃ እንድትሰጡኝ እለምናለሁ።

ጉዳዩ የፕሮጀክት ማኔጅመንት ጽሕፈት ቤት ነው። አሁን አሁን ፒኤምኦ እያልን የምንጠራው፣ የመሥሪያ ቤቱን ፕሮጀክቶች ሁሉ በአንድ ላይ የሚያይ ክፍል። ከእናንተ መካከል ያቋቋማችሁ ትኖራላችሁ። ልታቋቁሙ ያሰባችሁም ትኖራላችሁ። ለሁላችሁም የምለው አለኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ከዓመታት በፊት መንዝ ውስጥ በአንድ ቀበሌ የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክት እከታተል ነበር። በየወሩ እሄዳለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ፐርሰንት እሞላለሁ። ጉድጓዱ ተቆፈረ። ፓምፑ ገባ። ማጠራቀሚያው ኮረብታው ላይ ተሠራ። ቧንቧው ተዘረጋ፣ ቦኖው ቆመ። ሰኔ ላይ ርክክብ ተደረገ። እኔም ቅጹ ላይ ፊዚካል (የሥራው አፈጻጸም) 100 በመቶ፣ ፋይናንሻል (የገንዘቡ አጠቃቀም) 98 በመቶ ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ነበሩ።

ጥቅምት ላይ በሌላ ሥራ በዚያው ቀበሌ አለፍኩ። ቦኖው ደርቆ ቆሟል። ፓምፑ የሚሠራው በመብራት ነው፤ ትራንስፎርመሩ ግን አልተተከለም። የመብራት ጥያቄው የቀረበው ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነበር። ትራንስፎርመር ደግሞ ወረፋ አለው። የውሃው ሰው “የእኔ ሥራ አልቋል” ይላል። የመብራቱ ሰው “ወረፋችሁን ጠብቁ” ይላል። ሁለቱም በየሥራቸው አልተሳሳቱም። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ የሚያይ ሰው ግን አልነበረም።

ከምንጭ ጀሪካን አዝለው ሽቅብ የሚወጡ አንዲት እናት መንገድ ላይ አገኘሁ። አወቁኝ። ጀሪካኑን ሳያወርዱ ቆም አሉና “ልጄ፣ ቧንቧውስ መጣ፤ ውሃው የት ቀረ?” አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ያ መሥሪያ ቤት ፕሮጀክት የሚከታተል ክፍል ነበረው። እኔም የዚያ ክፍል ባልደረባ ነበርኩ። ሰነፎች አልነበርንም። ሪፖርታችን አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም። ግን የተቋቋምነው ሪፖርት እንድንሰበስብ ነው። “ይህ ፕሮጀክት ለምን ተጀመረ? ውሃ እንዲወርድ ምን ምን መሟላት አለበት? ያንንስ ማን ይዞታል?” ብሎ መጠየቅ በማናችንም የሥራ መዘርዝር ላይ አልተጻፈም። አሁን የምለምናችሁ ይህን ጥያቄ የአንድ ክፍል ሥራ እንድታደርጉት ነው። ፒኤምኦ ለመሥሪያ ቤት የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የፕሮጀክት አመራር በዓለም ላይ ራሱን የቻለ ሙያ ከሆነ ቆይቷል። ትልቁ የባለሙያዎቹ ማኅበር የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ሙያው ፒኤምኦን በሥልጣኑ ልክ በሦስት ይከፍለዋል። አንደኛው ደጋፊ ነው። ቅጽ ያዘጋጃል፣ ያሠለጥናል፣ የልምድ ማኅደር ይይዛል። ሁለተኛው ተቆጣጣሪ ነው። ሁሉም በአንድ አሠራር እንዲሄድ ያስገድዳል። ሦስተኛው ፕሮጀክቶቹን ራሱ ይመራል፤ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጆቹም ተጠሪነታቸው ለእሱ ነው። ለእኛ የትኛው ይሻላል? ብዙ ሰው ሦስተኛውን ይመርጣል፤ ጠንካራ ስለሚመስል። እኔ ግን የሥልጣኑን መጠን ከመጨቃጨቃችን በፊት ሌላ ነገር ቢጠየቅ እወዳለሁ። ጽሕፈት ቤቱ ስለ ፕሮጀክቶች አጀማመር አስተያየት ይሰጣል ወይስ ከተጀመሩ በኋላ ብቻ ነው የሚጠራው? ከተጀመሩ በኋላ ብቻ የሚጠራ ከሆነ ሦስቱም ዓይነት ቢሆን ያው ነው። የተሳሳተውን ሥራ በሰዓቱ እንዲያልቅ ይረዳናል፤ ከዚያ የዘለለ ነገር የለውም።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ወረዳ አምስት ፕሮጀክት አለው እንበል። እያንዳንዱ 20 ሚሊዮን ብር ይፈጃል። ድምሩ 100 ሚሊዮን ነው። ወረዳው በዓመት ለእነዚህ ሥራዎች ማውጣት የሚችለው 25 ሚሊዮን ነው። የተለመደው አሠራራችን ምንድን ነው? ማንም ቅር እንዳይለው ለአምስቱም 5፣ 5 ሚሊዮን እንሰጣለን። አምስት የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ የሚያልቅ ነገር የለም። በአራተኛው ዓመት መጨረሻ አምስቱም አብረው ያልቃሉ፤ ያውም ዋጋ ካልናረ።

ያው ገንዘብ በተራ ቢሰጥስ? በአንደኛው ዓመት አንዱ ያልቃል፣ ሁለተኛው ይጀመራል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ሁለት አልቀዋል። በሦስተኛው ሦስት፤ አራተኛውም ተጀምሮ ከግማሽ አልፏል። በአራተኛው ዓመት አምስቱም አልቀዋል። ገንዘቡ አልጨመረም፤ ዓመቱም አልጨመረም። ልዩነቱ የመጀመሪያው ቀበሌ ሦስት ዓመት፣ ሁለተኛው ሁለት ዓመት፣ ሦስተኛው አንድ ዓመት ቀድመው መጠቀማቸው ነው። ስድስት የአገልግሎት ዓመት በነጻ ተገኘ ማለት ነው። ሲሚንቶና ብረት በየዓመቱ እየተወደደ መሆኑን ስትጨምሩበት ደግሞ ቀድሞ ያለቀው በርካሽ አልቋል። ተቋራጩም “ክፍያ ዘገየብኝ” ብሎ ማሽኑን ጭኖ አይሄድም።

አንድ ጥማድ በሬ ያለው ገበሬ ይህን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። አምስት ማሳ ቢኖረውም በአንድ ቀን አምስቱን አይጀምርም። የትኛው አፈር አሁን ለእርሻ እንደደረሰ ያያል፣ ያንን ይጨርሳል፣ ወደሚቀጥለው ይሻገራል።

ሙያው ይህን ፖርትፎሊዮ ማኔጅመንት ይለዋል። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። መሥሪያ ቤቱ የያዛቸውን ፕሮጀክቶች ሁሉ አንድ ገበታ ላይ አስቀምጦ “ካለን ገንዘብ፣ ካለን ሰውና ከስትራቴጂያችን አንጻር የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይቅር” ማለት ነው። የአምስት ዓመት ዕቅዳችን ላይ ያማሩ ግቦች አሉ። የንጹህ ውሃ ሽፋን፣ የሥራ ዕድል፣ የእናቶች ጤና። ግቦቹ አንድ ሰነድ ውስጥ ናቸው፤ ፕሮጀክቶቹ ሌላ ሰነድ ውስጥ። ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ ከሌለ ስትራቴጂው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ድልድዩ ፒኤምኦ ነው።

“ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለእኛ አይሆንም” የሚሉ ባልደረቦች አጋጥመውኛል። ለእነሱ የምመልሰው ጓሳን ነው።

መንዝ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የወል መሬት ነው። ዛሬ ቱሪስት የሚመጣው ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ሊያይ ነው። ለአገሬው ግን ጓሳ ሣሩ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ በክፉ ዓመት ከብት ይተርፍበታል። ይህን ሀብት የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጋራ ሥርዓት ጠብቆታል። አለቃ ይመረጣል። ሣሩ እስኪጠና ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል። ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፤ ሁሉም በደንቡ ያጭዳል። ደንብ የጣሰ ይቀጣል።

እስቲ ልብ በሉት። ሣሩን ለእያንዳንዱ ሰው በየቀኑ አንዳንድ እፍኝ ቢያካፍሉት ማንም ቤቱን አይከድንም ነበር። የተመረጡት አለቆች ዋና ሥራ ማጨድ አልነበረም። ዋናው ሥራቸው “ገና ነው” ማለት ነበር። እንዲህ ማለት የቻሉትም ሕዝቡ ራሱ ያንን ሥልጣን ስለሰጣቸው ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነባሩን ሥርዓት ሲያፈርሰው ጓሳ ከልካይ አጥቶ ተጎዳ። በኋላ ማኅበረሰቡ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ እንደገና ያዘው፤ ዛሬም ጸንቶ አለ። ከዚህ የተሻለ የፖርትፎሊዮ ማኔጅመንት ትምህርት ከየት ይመጣል? አያቶቻችን ቃሉን አላወቁትም፤ ሥራውን ግን ሠርተውታል።

ስለዚህ ፒኤምኦ ስታቋቁሙ “ገና ነው” የማለት ሥልጣን ስጡት። አቅሙ ለሌለን ሥራ “ዘንድሮ አንጀምረውም” ይበል። ተጀምሮ ትርጉሙ ያለፈበትንም “እናቁመው” ይበል። ይኼኛው በጣም ከባድ ነው። “ይህን ያህል ብር ወጥቶበት እንዴት ይቆማል?” ይባላል። የወጣው ወጥቷል። ጥያቄው የሚቀጥለው ብር የት ቢውል ይሻላል የሚለው ነው። ይህን ፊት ለፊት ለመናገር ጽሕፈት ቤቱ ለበላይ ኃላፊው በቀጥታ ተጠሪ መሆን አለበት። ከሁለት ዳይሬክቶሬት ሥር የተቀመጠ አንድ ጀማሪ ባለሙያ ለቢሮ ኃላፊ “ተው” ሊል አይችልም። ከእሱ ይህን መጠበቅም ግፍ ነው።

ሌላው ጉዳይ መተሳሰር ነው። ኮብልስቶን ተነጥፎ በማግስቱ ለውሃ መስመር ሲቆፈር ያላየ የከተማ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ደብረ ብርሃን በዚህ ላይ በጣም ልትጠነቀቅ ይገባታል። ከተማዋ በኢንዱስትሪ እየሰፋች ነው። አንድ ፋብሪካ ብቻውን አይመጣም። ውሃ ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል፣ ከባድ መኪና የሚሸከም መንገድ ይፈልጋል፣ ለሠራተኛው ማደሪያ ይፈልጋል። አራቱ በአራት መሥሪያ ቤት እጅ ናቸው። አንዱ ቢዘገይ የሦስቱ ገንዘብ ታስሮ ይቀመጣል። ልክ እንደዚያች ቦኖ። እርስ በርስ የሚጠባበቁ ፕሮጀክቶችን አንድ ላይ መምራት ፕሮግራም ይባላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቅጽ ደግሞ ቀላል ነው። “ይህ ሥራ እንዲጠቅም ከሌላ መሥሪያ ቤት ምን ይጠብቃል? እስከ መቼ? ኃላፊነቱን የወሰደው ማን ነው?” ሦስት ዓምድ ብቻ። ያን ጊዜ ቅጼ ላይ እነዚህ ሦስት ዓምዶች ቢኖሩ ኖሮ ትራንስፎርመሩ ጉድጓዱ ሳይቆፈር በፊት ይጠየቅ ነበር።

የሰላሙን ሁኔታም ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በዞናችን መንገድ እየተዘጋ ባለሙያ ሳይት መድረስ ያቃተበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ዝርዝሩን በአንድ እጅ የያዘ ሰው ከሌለ፣ አንድ ሥራ ሲቆም ገንዘቡም፣ ዕቃውም፣ ባለሙያውም አብረው ይቆማሉ። ሁሉን አንድ ላይ የሚያይ ክፍል ካለ ግን “ይህ እስኪከፈት ያኛውን እናፋጥን” ማለት ይቻላል። እንደ አጣዬ በ2013 ያን ያህል ጥፋት ለደረሰበት ከተማም ነገሩ የባሰ ነው። መልሶ ግንባታ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ብዙ እጅ ደግሞ ያለ አንድ ዝርዝር ይጋጫል። አንዱ ሰፈር ሁለቴ ይረዳል፣ ሌላው ይረሳል።

አሁን ወደ ርክክብ ልምጣ፤ ሆዴን የሚበላኝ እሱ ነው። እኛ ዘንድ ፕሮጀክት የሚያልቀው ሪባን ሲቆረጥ ነው። እንግሊዞች ለመንግሥት ትልልቅ ፕሮጀክቶቻቸው በር ብለው የሚጠሩት የግምገማ ሥርዓት አላቸው። ከፕሮጀክቱ ውጭ ያሉ ልምድ ያላቸው ሰዎች በየምዕራፉ እየመጡ “ወደሚቀጥለው በር ይለፍ ወይስ አይለፍ” የሚለውን ይመረምራሉ። እኔን የገረመኝ የመጨረሻው በር ነው። እሱ የሚመጣው ሥራው ተጠናቆ አገልግሎት ከጀመረ በኋላ ነው። የሚጠይቀውም ቃል የተገባው ጥቅም መጣ ወይ ብሎ ነው።

እዚህም በፌዴራል ደረጃ የመንግሥት ፕሮጀክቶች አስተዳደርና ማኔጅመንት ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1210/2012 ወጥቷል። ፕሮጀክት በጀት ከመያዙ በፊት ተጠንቶና ተገምግሞ እንዲያልፍ ይፈልጋል። መንፈሱ ለዞንና ለወረዳም ይሠራል። ከእናንተ የምጠብቀው ግን ቀላል ነገር ነው። ርክክብ ከተደረገ ከዓመት በኋላ አንድ ሰው ወደ ቦታው ይላክ። ይዞት የሚሄደው ቅጽ ፐርሰንት የሚሞላበት አይሁን። ውሃው ይወርዳል? ስንት ሰው ይቀዳል? ጤና ጣቢያው ውስጥ አዋላጅ አለች? ትምህርት ቤቱ ወንበር አለው? መልሱ ለበላይ ኃላፊው በአንድ ገጽ ይቅረብ። ለሚቀጥለው ዓመት የፕሮጀክት መረጣም ያ ገጽ ጠረጴዛ ላይ ይኑር። ይህን ሁለትና ሦስት ዓመት ብታደርጉት የመሥሪያ ቤታችሁ ዕቅድ አወጣጥ ራሱ ይለወጣል። ሰው የሚጠየቅበትን ነገር ያስብበታል።

ተቃውሞውንም አውቀዋለሁ። ከክፋት የመጣ ክርክር ስላልሆነ በአክብሮት ልመልሰው። “ሁሉም ቀበሌ ግብር ይከፍላል። አንዱን አስቀድመን ሌላውን ቆይ ብንለው ፍትሕ አይደለም፤ ሕዝቡም አይቀበለንም” ትላላችሁ። እውነት ነው፤ በተራ ማሠራት ያስቆጣል። ግን የሚያስቆጣው ተራው ሲደበቅ ነው። ዝርዝሩ በግልጽ ይለጠፍ። ለምን እነ እገሌ ቀበሌ እንደቀደሙ ምክንያቱ ይጻፍ፤ ስንት ሰው፣ ምን ያህል ርቀት፣ ምን ያህል ችግር። የሁለተኛው ተራ መቼ እንደሆነ ይነገር፤ ቀኑም ይከበር። በልመና ወይም በዘመድ ተራ እንደማይዘለል ሰው ካየ ይጠብቃል። የጓሳ ሰው ዓመታት ጠብቋል። አምስት ቦታ ተጀምሮ የቀረ ግድግዳ ግን የማንም ፍትሕ አይደለም። ሁለት ወዶ አይሆንም።

አንድ ስጋት ግን እኔም አለኝ፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። የአሠራር ማሻሻያ ተብለው ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን የመጡ ብዙ ነበሩ። ቢፒአርን አሳልፈናል። ቢኤስሲን አሳልፈናል። ካይዘንንም። ሐሳባቸው ክፉ አልነበረም። ብዙ ቦታ ግን ነፍሳቸው ወጥቶ ቅጹ ብቻ ቀረ። ሠልጥነን መጣን፣ ግድግዳ ላይ ለጠፍን፣ ኃላፊ ሲቀየር ተረሳ። ፒኤምኦም ወደዚያ እንዳይሄድ እፈራለሁ። አዲስ ምልክት በር ላይ ተለጥፎ ያው የድሮው የሪፖርት ክፍል ውስጡ ሊቀመጥ ይችላል። ባለሙያው ላይ ተጨማሪ ሦስት ቅጽ ተጭኖበት ሳይት የሚሄድበት ቀን ሊያጥር ይችላል። ይህ ከሆነ ባይቋቋም ይሻላል።

እንዳይሆን በትንሹ ጀምሩት። አስር ሰው አትቅጠሩ። ሦስት በቂ ናቸው። አንዱ ምህንድስና የሚያውቅ፣ አንዱ ሒሳብና በጀት የሚያውቅ፣ አንዱ ሕዝብ ውስጥ ገብቶ የሚጠይቅና የሚያዳምጥ። ሶፍትዌር ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ኤክሴል ይበቃል። የመጀመሪያ ሥራቸው በመሥሪያ ቤቱ ስም ያለውን ፕሮጀክት ሁሉ አንድ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ይሁን። መቼ ተጀመረ፣ ስንት ወጣበት፣ ለማለቅ ስንት ይቀረዋል፣ ለየትኛው ግብ ነው፣ ማንን ይጠብቃል። ዝርዝሩ ሲያልቅ ሳትደነግጡ አትቀሩም ብዬ እገምታለሁ። የተረሳ ሥራ ይወጣል። ሁለት ቦታ በጀት የተያዘለትም ሊገኝ ይችላል። አትቆጧቸው። የመጀመሪያው ዝርዝር ሰው የሚቀጣበት ከሆነ ሁለተኛው ዝርዝር ውሸት ይሆናል።

ከዚያ በወር አንድ ጊዜ የበላይ ኃላፊው ራሱ ሁለት ሰዓት ይስጣቸው። ተወካይ አይላክ። በዚያ ስብሰባ ሪፖርት አይነበብ፤ ሁሉም አስቀድሞ አንብቦት ይምጣ። የሚወሰነው ይወሰን። ምን ይቀድማል፣ ምን ይቆያል፣ የትኛው ደብዳቤ ለየትኛው መሥሪያ ቤት ዛሬ ይጻፋል። ያ ሰዓት በሌላ ስብሰባ እየተገፋ ከቀረ ጽሕፈት ቤቱ በሦስት ወር ውስጥ ይሞታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ግንቦት አላለቀም። የመጪው ዓመት ድልድል ገና አልተዘጋም። ዘንድሮ ፒኤምኦ ለማቋቋም ጊዜ የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ቢያንስ አዲስ የመሠረት ድንጋይ ከመቀመጡ በፊት ያላለቁትን ሥራዎች ዝርዝር አውጡ። ካለው ገንዘብ መጀመሪያ ለእነሱ ማስጨረሻ የሚሆነውን ቆርጣችሁ አስቀምጡ።

ዝርዝሩን ለማውጣት የሰው እጅ ካጠራችሁ እኔ አለሁ። አበል አልጠይቅም። ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ፣ ደብረ ሲናም ሆነ ዓለም ከተማ፣ መንገድ እስከተከፈተ ድረስ እመጣለሁ። ላፕቶፕ አለኝ። አንድ ጠረጴዛና የድሮ ፋይሎቻችሁን ብቻ አዘጋጁልኝ።

ከሰላምታ ጋር

የቀድሞ የፕላንና ክትትል ባለሙያ
ደብረ ብርሃን